የፖል ኒውማን ፊት ያለባቸው ጠርሙሶች፦ የቱን እንግዛ፣ የቱን እንተው?

የተዋናይ ፊት የተለጠፈበት ዕቃ ላይ ብዙም እምነት የለኝም። እኛ ሀገር አንድ ፊልም የመታለት ሰው ወዲያው የሳሙና፣ የዘይትና የሪል እስቴት ማስታወቂያ ላይ ብቅ ይላል፤ ዘይቱን ቤቱ አስገብቶት ያውቅ እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። አሜሪካ ደግሞ ብሷል። አንዱ ተኪላ ይሸጣል፣ ሌላዋ ሽቶ፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫ። ፊቱን ያከራያል፣ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ አለቀ። ስለዚህ ስለ ኒውማንስ ኦውን፣ የአንድ ተዋናይ ፊት ስላለበት የምግብ ብራንድ፣ ልጽፍ ስነሳ "አንተም ተገዛህ እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ ማንም አልገዛኝም! ሁሉንም በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት፣ ግማሹን እንዲያውም ቅናሽ ሲኖር ጠብቄ።

አሜሪካ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የሰላጣ ድሬሲንግ (ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ማጣፈጫ) የተደረደረበት ጋ ስትደርሱ አንድ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዓይኑ የሚስቅ ሽማግሌ ከጠርሙሱ ላይ ሆኖ ያያችኋል። ሲዛር የሚባለው ላይ እንደ ሮም ቄሳር ተሸልሟል። ሳልሳው ላይ የሜክሲኮ ባርኔጣ ደፍቷል። ሰውየው ፖል ኒውማን ነው፣ በዘመኑ ሆሊውድን ያንቀጠቀጠ ተዋናይ። አሁን ያሉት ልጆች ግን "የድሬሲንጉ ሰውዬ" ነው የሚሉት፤ ፊልም ይሠራ እንደነበር የማያውቀው ብዙ ነው። እሱ ራሱ በሕይወት እያለ "የሚያሳፍረኝ ነገር ቢኖር ድሬሲንጌ ከፊልሞቼ የበለጠ ገንዘብ ማስገባቱ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር።

የምለውን ከወዲሁ ልበላችሁ። ሰውየው ቤቱ ውስጥ በእጁ ይሠራቸው ወይም እሱና ቤተሰቡ ይወዷቸው ከነበሩት ነገሮች የወጡት ዕቃዎች ዛሬም ገንዘባችሁን አያስቆጩም። ድርጅቱ ኋላ ላይ የጨማመራቸው ግን ክፉ ባይሆኑም ከሌላው ብራንድ ለይቼ አላያቸውም። የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ የሰውየውን ቤትና አመል ማወቅ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ኒውማን በ1925 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው)። አባቱ የስፖርት ዕቃ መደብር ነበራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ገብቶ ፓይለት ሊሆን ፈልጎ ነበር፤ ዓይኑ ቀለም በደንብ አይለይም ተባለና ቀረበት፣ የሬዲዮ ሠራተኛና ተኳሽ ሆኖ ፓስፊክ ላይ አገለገለ። የሚገርመው ያ ቀለም አይለይም የተባለው ሰማያዊ ዓይኑ በኋላ እንጀራው ሆነ። በ1949 አገባ፣ ሦስት ልጆች ወለደ። በ1953 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የመድረክ ሥራ ላይ ጆአን ዉድዋርድ ከምትባል የጆርጂያ ልጅ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ለመጀመሪያው ትዳሩ መልካም ወሬ አይደለም። ከጆአን ጋር በ1958 ላስ ቬጋስ ተጋቡ፣ ሦስት ሴቶች ልጆች ጨመሩ፣ እሱ በ2008 እስኪሞት ድረስም ሃምሳ ዓመት አብረው ኖሩ። ሆሊውድ ውስጥ ሃምሳ ዓመት! በነገራችን ላይ እሷ ምርጥ ተዋናይት ተብላ ኦስካሯን የወሰደችው በተጋቡበት ዓመት ነው። እሱ በትወናው ኦስካር ለመውሰድ እስከ 1987 ጠበቀ። ቤት ውስጥ ማን እንደሚኮፈስ መገመት ይቻላል።

ኑሯቸውን የመሠረቱት ሆሊውድ ሳይሆን ኮነቲከት ውስጥ ዌስትፖርት በሚባል ትንሽ ከተማ ነው። የድሮ የገበሬ ቤት፣ አጠገቡ ወንዝ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ የተሠራ የልጆች ጎጆ። ድሬሲንጉ የመጣው ከዚህ ቤት ነው።

ኒውማን በሰላጣ ጉዳይ እንቅ አድርጎ የሚይዝ ሰው ነበር። ምግብ ቤት ሲሄድ ተቀብቶ የመጣለትን ሰላጣ ይመልሳል፤ ዘይትና አቼቶ አምጡልኝ ብሎ ራሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀምማል። አንዴማ ድሬሲንግ ተደርጎበት የመጣለትን ሰላጣ ይዞ ሽንት ቤት ገብቶ በውኃ አጥቦት፣ አድርቆት ተመልሶ መጣ ይባላል። እንዲህ ያለ አጎት እያንዳንዳችን ቤት አለ፣ ልዩነቱ የእኛዎቹ ወጡን ነው የሚያማርሩት። በ1980 ለገና በዓል ከጎረቤቱና ጓደኛው ከደራሲው ኤ. ኢ. ሆችነር ጋር ሆነው ግቢው ውስጥ ባለው አሮጌ በረት ምድር ቤት ገብተው ድሬሲንጉን በትልቅ ገንዳ በጠበጡት። ማማሰያው የጀልባ መቅዘፊያ ነበር። ባዶ የወይን ጠርሙስ ውስጥ እየሞሉ ለጎረቤት በስጦታ አደሉት። ጎረቤት ደግሞ ባዶ ጠርሙሱን ይዞ ድገመን ማለት ጀመረ። እንግዲህ በ1982 ሁለቱ በቀልድም በእልህም መሃል ሃያ ሃያ ሺህ ዶላር አዋጥተው ድርጅት አቋቋሙ። አዋቂ የተባሉት የገበያ ሰዎች ትከስራላችሁ ብለዋቸው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ አተረፉ። ኒውማንም "ሁሉንም እንስጠው" አለ።

እሺ፣ አሁን ወደ ጠርሙሱ። የመጀመሪያው ያ በረት ውስጥ የተበጠበጠው የዘይትና አቼቶ ድሬሲንግ ነው፤ ዛሬም ይሸጣል፣ አራት ዶላር አካባቢ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍም ዝቅም ይላል እንደ ሱቁ። ስትገዙት ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ፣ አቼቶው ከታች ሆኖ፣ ሽንኩርቱና ቅመሙ ጠርሙሱ ስር ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው ለእኔ። ሳትነቀንቁት ካፈሰሳችሁ ግን ዘይት ብቻ ነው የምትበሉት፤ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁት፣ ወዲያው አፍስሱት፣ ትንሽ ከቆያችሁ ተመልሶ ይለያያል። ጣዕሙ መጀመሪያ አቼቶ ነው፣ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ጨው። ስኳር የለበትም ማለት ይቻላል ምላሴ ላይ፣ ይህ ደግሞ በዚህ ሀገር ድሬሲንግ ሁሉ ከረሜላ በሆነበት ዘመን ትልቅ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር እናቶቻችን ሰላጣ ላይ ከሚያደርጉት ብዙም አይርቅም። ዘይት፣ አቼቶ ወይም ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ጨው። የጎደለው ቃሪያ ብቻ ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አማቴ ናቸው። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው ሳሉ የሲዛሩን ጠርሙስ ከፍሪጅ አውጥተው መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት ቆዩና፦

"ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?"

"ተዋናይ ነው እማማ፣ የድሮ የአሜሪካ ተዋናይ።"

"ታዲያ ማድ ቤት ምን አገባው?"

ቀኑ ዓርብ ነበርና ሲዛሩን ከእጃቸው ተቀብዬ መለስኩት፤ አይብም ዓሣም አለበት። የዘይትና አቼቶውን አወጣሁላቸው። ሰላጣና ቲማቲም ላይ አፈሰሱ፣ አንድ ጉርሻ ቀመሱ፣ ዝም አሉ። ከዚያ "አቼቶው ደህና ነው። ቃሪያ የት አለ?" አሉ። ቃሪያ ከትፈው ጨመሩበት፣ ሳህኑ ባዶ ሆነ። እኔም ከዚያ ወዲህ የምበላው እንደዚያ ነው፦ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ ከነፍሬው፣ ከላይ ይህ ድሬሲንግ። ጣት ያስቆረጥማል። ለጾም የምትገዙ ግን የእያንዳንዱን ጠርሙስ ጀርባ አንብቡ። ራንች የሚባለው ድሬሲንግ ወተት አለበት፣ ሲዛሩን ነግሬያችኋለሁ፣ "ኢጣሊያን" የሚል ስም ያለው ሁሉ ጾም ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። አይብ የሚገባው በማታስቡት ቦታ ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ማንበብ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችሁ ደግሞ ክዳኑ ላይ በማርከር "ጾም" ብላችሁ ጻፉላቸው፣ እኛ ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ሁለተኛው ፈንዲሻ ነው። እዚህ ጋ ሰውየው የእኛ ሰው ነው ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም። ኒውማን ፈንዲሻ ነፍሱ ነበር። ቢራና ፈንዲሻ ከቀረበለት ሌላ እራት አያምረውም ነበር ይባላል። የፈንዲሻው ምርት የመጣው ከዚህ ሱሱ ነው፣ እና ያስታውቃል። ሁለት ዓይነት አለ፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚገባው በከረጢት የታሸገውና ሌላው ጥሬው በቆሎ። የማይክሮዌቩ ቅቤ ቅቤ የሚለው ልጆች ይወዱታል፣ ለእኔ ሽታው በዛብኝ፤ ጨው ብቻ ያለበት ይሻላል። ለቡና ግን ጥሬውን ግዙ። ወፍራም ድስት፣ ትንሽ ዘይት፣ ክዳን፣ መጀመሪያ ሦስት አራት ፍሬ ጣል አድርጋችሁ ሲፈነዱ ሌላውን መጨመር። ፍሬው ትልቅ ሆኖ ይፈነዳል፣ ድስቱ ስር የሚቀረው ያልፈነዳ ጥርስ ሰባሪም ጥቂት ነው። ቡናው አቦል ላይ ሳለ ተሠርቶ ቢቀርብ ቶና ሳይደርስ ያልቃል። ይህን ያህል ፈንዲሻ የሚወድ ሰው ዌስትፖርት ተቀምጦ ጀበና ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በትክክል እንነጋገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚረዳው። ጠርሙሱ ላይ ትርፉ መቶ በመቶ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል ይላል። እውነት ነው፣ ግን እናንተ የከፈላችሁት አራት ዶላር በሙሉ ይሄዳል ማለት አይደለም። ቲማቲሙ፣ ዘይቱ፣ ፋብሪካው፣ ጭነቱ፣ ሱቁ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የሚሄደው የተረፈው ነው። ቢሆንም ሌላ ቦታ ያ የተረፈው የባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው የሚገባው፣ እዚህ ግን ባለቤቱ ራሱ የኒውማን ፋውንዴሽን፣ ማለትም የበጎ አድራጎት ድርጅቱ፣ ነው። ከ1982 ጀምሮ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥተዋል። ይህን ያህል ገንዘብ ከሰላጣ! ከዚህ ውስጥ በጣም የሚታወቀው ሥራ በ1988 አሽፎርድ ኮነቲከት የተከፈተው ካምፕ ነው። ካንሰርና ሌላ ከባድ በሽታ ያለባቸው ልጆች በነጻ ሄደው የሚጫወቱበት፣ ዓሣ የሚያጠምዱበት፣ ዛፍ ላይ የሚወጡበት፤ ሐኪሙና መድኃኒቱ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፣ ግን ሆስፒታል አይመስልም። ዛሬ በሌሎች ሀገሮችም እንደዚህ ያሉ ካምፖች ተከፍተዋል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በአሜሪካ ሕግ ፋውንዴሽን አንድን የንግድ ድርጅት ሙሉ በሙሉ ይዞ መቆየት አይፈቀድለትም ነበር፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ድርጅቱ እንዳይሸጥ ብዙ ተሯሩጠው በ2018 ሕጉ ላይ ልዩ ፈቃድ ተጨመረ። ስለዚህ አሁን ጠርሙሱ ላይ ያለው ቃል በሕግም የቆመ ነው።

ሰውየውን ግን ጻድቅ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም፣ እሱም አይወድም ነበር። ትልቁ ልጁ ስኮት በ1978 በመጠጥና በመድኃኒት ብዛት ሞተ፣ 28 ዓመቱ ነበር። ከመጀመሪያው ትዳር የተወለደ ብቸኛ ወንድ ልጁ ነው። አባቱ ታዋቂ፣ አባቱ ሥራ ላይ፣ አባቱ ሌላ ቤት። ኒውማን ራሱም ጠጪ ነበር። እሱ ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ በ2022 የታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ስለዚህ ሁሉ፣ እንደ አባት ስላጎደለው ነገር፣ ራሱን ሳይምር ተናግሯል። ለጓደኛው የተናገረበትን ካሴት በኋላ አቃጥሎት ነበር፤ የተረፈው በጽሑፍ የተገለበጠው ነው። በልጁ ስም ወጣቶችን ከአደንዛዥ ዕፅ ለመጠበቅ የሚሠራ ማዕከል አቋቁሞ ነበር። የልጁን ሞት ያካክሳል ብዬ አይደለም የምጽፈው። ነገር ግን ይህን ካወቅኩ በኋላ ያ ጠርሙስ ላይ የሚስቀው ፊት ማስታወቂያ ብቻ ሆኖ አይታየኝም።

ሴት ልጆቹ ጋ ስንመጣ ኔል የምትባለውን መዝለል አይቻልም፣ ምክንያቱም ከሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ግማሹ የእሷ ነው። ኔል ለተፈጥሮ፣ ለአሞራና ለጭልፊት የምትሟገት ልጅ ነበረች፤ ኬሚካል ያልነካው ምግብ ብቻ መሸጥ አለብን ትለው ነበር። አባት ሆዬ ኦርጋኒክ ማለት ጣዕም የሌለው የበሽተኛ ምግብ ነው ብሎ ያምናል። እሷ ምን አደረገች? ለምስጋና ቀን ዌስትፖርት መጥታ ሙሉውን ድግስ በኦርጋኒክ ሠርታ አበላችው፣ ሳትነግረው። በልቶ ጨርሶ ካመሰገናት በኋላ ነው የነገረችው። እንዲህ ነው እንጂ አባትን ማሳመን! በ1993 የኦርጋኒኩ ክፍል ተጀመረ፣ መጀመሪያ ያወጡት ፕሬትዘል ነበር። ምልክቱ ላይ አባትና ልጅ እንደ ድሮ ገበሬ ለብሰው ቆመዋል፣ ሹካ የሚመስል መንሽ ይዞ። ፕሬትዘሉን ሞክሬዋለሁ፣ ደረቅና ጨዋማ ነው፣ ከሻይ ጋር አይሄድም፣ ከቢራ ጋር ግን ምንም አይወጣለትም። በለስ የተሞላው ብስኩታቸው ይበልጥብኛል፤ ጣፋጭነቱ ልከኛ ነው፣ ለልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ አይፈረፈርም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይጣፍጥ ነገር አለ። በ2022 ኔልና እህቷ ሱዛን ፋውንዴሽኑን ፍርድ ቤት ከሰሱት። አባታችን ለምንፈልገው በጎ አድራጎት እንድንሰጥ የመደበልንን ገንዘብ ቀነሳችሁብን፣ ከ400 ሺህ ወደ 200 ሺህ ዶላር አወረዳችሁት ነው ክሱ። ልብ በሉ፣ ለኪሳቸው አይደለም፣ ለመስጠት ነው የተጣሉት። ቢሆንም የሟች አባት ስምና ፊት ያለበት ዕቃ ላይ ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ ውርስ እንኳን በሚሊዮን በአንድ ክፍል ቤትም ወንድማማች ያናክሳል። እኔ ከሴቶቹ ጎን ነኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

ስጎውን ልርሳው ነበር። የፓስታ ስጎአቸው ብዙ ዓይነት ነው፣ እኔ የምመርጠው ሶካሩኒ የሚባለውን ነው፤ እንጉዳይ፣ ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ አለበት፣ ቁርጥራጩ በማንኪያ ይታያል፣ ዝም ብሎ ቀይ ውኃ አይደለም። ለሐበሻ ምላስ ግን እንዳለ አይበላም። ቀይ ሽንኩርት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ከዚያ የጠርሙሱን ግማሽ አፍስሱበትና ዘይቱ እስኪወጣ ይንተክተክ። ሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ስትገቡ ይህ ከሃያ ደቂቃ አያልፍም። የቀረውን ግማሽ ፍሪጅ ውስጥ ብዙ አታቆዩት።

ሌመኔዱ ደግሞ የጆአን ነው። የቤተሰቧ አሠራር ነው ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ጆርጂያ ሞቃት አገር ነውና ሎሚ በስኳር ይችሉበታል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በካርቶን ታገኙታላችሁ። ጥሩ ነው፣ ሎሚው ይሰማል፣ ስኳሩ ግን ለእኔ በዛ፤ በበረዶና በውኃ ቀጠን አድርጌ ነው የምጠጣው። ለልጆች ልደት ብትገዙ የሚወቅሳችሁ የለም። ስለ ጆአን ካነሳን፣ በፊልም ሥራ መሃል ቁጭ ብላ ሹራብ የምትሠራ፣ ባሌት የምትወድ፣ በኋላም የዌስትፖርትን ቲያትር ቤት የመራች ሴት ናት። ከቲያትሩ ጎን ባልዬው በ2006 ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር፣ ከአካባቢው ገበሬ የሚገዛ፤ አሁን የለም፣ ስለዚህ ለመሄድ እንዳትነሱ።

የመኪናውን ጉዳይ ሳላነሳ ብቀር አንባቢ ይቀየመኛል። ኒውማን መኪና መወዳደር የጀመረው በ1969 ለወጣ የእሽቅድምድም ፊልም ሲለማመድ ነው፣ ያኔ ወደ አርባ አምስት እየተጠጋ ነበር። እኛ ሰፈር በዚያ ዕድሜ ሰው ዕድር ሊቀመንበር ይሆናል። እሱ በ1979 ፈረንሳይ ለ ማን ላይ፣ ያ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ የሚነዳበት ውድድር፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በፖርሽ ሁለተኛ ወጣ። በ1995 ደግሞ ሰባ ዓመት ሞልቶት ፍሎሪዳ ዴይቶና ላይ ቡድኑ በምድቡ አንደኛ ወጣ። መዝገብ ላይ "ፒ. ኤል. ኒውማን" እያለ ነበር የሚጽፈው፣ ወሬ እንዳይበዛበት። ቤት ውስጥም ያው ነው፦ ከውጪ ሲያዩት ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመላልስ የሚመስል ቮልቮ ነበረው፣ ውስጡ ግን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አስገጥሞበታል። ጆአን ይህን ሁሉ አልወደደችውም። ሰዓት ገዛችለት፣ ሮሌክስ ዴይቶና፣ ጀርባው ላይ "ተጠንቅቀህ ንዳ፣ እኔ" የሚል አስቀርጻ። እሱ ደግሞ ያንን ሰዓት ዓመታት አድርጎት አንድ ቀን በ1984 ግቢው ውስጥ ያንን የዛፍ ላይ ጎጆ ለሚያድስ ለኔል የወንድ ጓደኛ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቆት፣ ልጁ ሰዓት የለኝም ሲለው፣ አውልቆ ሰጠው። በ2017 ኒውዮርክ ጨረታ ላይ 17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሚስት የሰጠችውን ዕቃ አውልቆ መስጠት እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር።

ከተዋናይ ጓደኛው ከሮበርት ሬድፎርድ ጋር የነበራቸው ቀልድ ደግሞ የተለየ ነው። ሬድፎርድ የኒውማን የመኪና ወሬ ቢሰለቸው ጊዜ ለኒውማን ሃምሳኛ ልደት አንድ የተጨፈለቀ ፖርሽ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ቤቱ ደጃፍ አስቀመጠለት። ኒውማን ምንም አላለም። ጥቂት ቆይቶ ያው ብረት ተጨምቆ አንድ ጥቅል ሆኖ ሬድፎርድ ሳሎን ውስጥ ተገኘ። ሬድፎርድም ቅርጻ ቅርጽ አሠርቶበት መልሶ ኒውማን አትክልት ቦታ ውስጥ ጣለው። አንዳቸውም ስለ ነገሩ አፍ አውጥተው አላወሩም ይባላል። ጠርሙሶቹ ላይ የምታዩት ፌዝ ሁሉ፣ ባርኔጣው፣ "ከየካቲት ጀምሮ ምርጥ ምግብ" የሚለው የድሮ መፈክራቸው፣ ከዚህ አመል የመጣ ነው፤ ማስታወቂያ ቤት ተቀምጦ የፈጠረው አይደለም።

ስለዚህ ቅርጫታችሁ ውስጥ ምን ይግባ? የዘይትና አቼቶ ድሬሲንጉ ግዴታ ነው። ጥሬው ፈንዲሻም እንዲሁ፣ ቡና የምታፈሉ ከሆነ። ሶካሩኒው በርበሬ ካላችሁ። ባልሳሚኩ ድሬሲንግ ጥሩ ነው፣ ጠቆር ያለና ጣፈጥ የሚል፣ እንግዳ ሲመጣ። ሌመኔድ በበጋ። ራንቹ ሌላ ራንች ነው። በረዶ የሆነው ፒዛቸው ስሱ ነው፣ ቆርቆር ይላል፣ ልጆች ሲርባቸው ያድናል፣ ግን ሰውየው ፒዛ ሲጋግር አላየሁትም፣ ሌላው ቅናሽ ላይ ካለ ሌላውን አነሳለሁ። ሳልሳው መካከለኛ ነው፤ ዳጣ ለለመደ ሰው "ሆት" የሚለውን እንኳ ብትገዙት ለሕፃን የሚሰጥ ነው። ትላልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ሁሉ አላቸው፣ በየጊዜው ሁለት በአንድ ዋጋ የሚሉበት ሳምንት አለ፣ ያኔ ሸክፉ፣ ድሬሲንጉ ሳይከፈት ብዙ ይቆያል።

ለውሻና ለድመትም ምግብ አላቸው፣ የኔል ሐሳብ ይመስለኛል። ውሻ ስለሌለኝ እሱ ላይ አልፈርድም።